ደብረ ብርሃን ላይ የሮጠ ኮምፒውተር ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ለምን ይዝላል?



ሴሚስተሩ ሲያልቅ ጣርማ በርን አልፈው ወደ ይፋት ቆላ ከሚወርዱት ተማሪዎች መካከል ኮምፒውተራቸውን ይዘው የሚሄዱ አሉ። በብዛት የምናየው ያገለገለ ትንሽ የቢሮ ዴስክቶፕ ነው፤ ሣጥኑ ጠባብ፣ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ። ባለቤቱ አጭር ግራፊክስ ካርድ ይጨምርበታል፣ ፕሮሰሰሩን ከአይ5 ወደ አይ7 ይቀይራል፣ በቃ የጌም ማሽን ሆነ። የመመረቂያ ፕሮጀክቱም፣ የቪዲዮ ቅንብሩም የሚሠራው በዚያው ነው። ከዚያ ስሞታው ይመጣል፦ «4.0 ጊጋሄርዝ ተብዬ የገዛሁት 3.4 ላይ ቆሟል፤ ሻጩ ሸውዶኛል።» የወጣው ገንዘብ ለተማሪ ቀላል አይደለም። ባላደረገው ነገር ሰውን አጭበርባሪ ማለትም ቀላል አይደለም። ስለዚህ ሱቁ ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት ማሽኑን ጠይቁት።

ኢንቴል ኮር አይ7-6700ን እንውሰድ፤ በእነዚህ ትንንሽ ዴስክቶፖች ላይ በብዛት የሚገጠመው እሱ ነው። መነሻ ፍጥነቱ 3.4 ጊጋሄርዝ ነው። 4.0 የሚባለው ተርቦ ቡስት ነው፤ ማለትም ሙቀቱና ኃይሉ ሲፈቅዱለት ብቻ ለጊዜው የሚደርስበት ፍጥነት፣ ያውም አንድ ኮር ብቻ ሲሠራ። አራቱም ኮሮች ሲጠመዱ ጣሪያው 3.7 ነው። ስለዚህ ከባድ ጌም ላይ 3.7 የሚያነብ ሰው ምንም አልጎደለበትም፤ የተሸጠለት ነገር እየሠራ ነው።

ቀጥሎ ስሙን አንብቡ። ሲፒዩ-ዚ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ወይም በዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ላይ የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም ይታያል። ከ6700 ቀጥሎ «ቲ» የሚል ፊደል ካለ ነገሩ ሌላ ነው። እሱ ባለ 35 ዋት ቆጣቢው ዓይነት ሲሆን መነሻው 2.8፣ ጣሪያው 3.6 ነው፤ ምንም ብታደርጉለት 4.0 አይደርስም። ያለ ፊደሉ ተብሎ የተሸጠላችሁ ከሆነ ያኔ ወደ ሻጩ መመለስ ሐቃችሁ ነው።

ስሙ ትክክል ሆኖ ፍጥነቱ ከ3.4 አልንቀሳቀስ ካለ ቅንብሩን እዩ። ዊንዶውስ ፓወር ኦፕሽን ውስጥ «ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት» የሚል ቦታ አለ፤ 99 ከመቶ ከተደረገ ቡስቱ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። የአንዷ ከመቶ ልዩነት ትንሽ ትመስላለች፣ ግን ማብሪያ ማጥፊያዋ እሷ ናት። ባዮስ ውስጥም ተርቦ ቡስት መብራቱን አረጋግጡ፤ ባዮሱ አሮጌ ከሆነ አዲሱን ፕሮሰሰር በደንብ ላያውቀው ስለሚችል አድሱት። እያደሳችሁ መብራት እንዳይጠፋባችሁ ግን ተጠንቀቁ፤ መሃል ላይ ከተቋረጠ ማዘርቦርዱ ሊበላሽ ይችላል።

አሁን ወደ ቆላው እንውረድ፤ ዋናው ነገር እዚህ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ትንሽ ከፍ ትላለች፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 እንኳ አትሞላም። በየ1,000 ሜትሩ ከ6 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይጨምራል ብለን ብናስብ ልዩነቱ ወደ 10 ዲግሪ ይጠጋል። ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ማቀዝቀዣው ፕሮሰሰሩን ከክፍሉ አየር በታች ሊያወርደው አይችልም፤ የክፍሉ ሙቀት እንዳለ ይደመርበታል። ክፍሉ 18 ዲግሪ ሆኖ ፕሮሰሰሩ 85 ይደርስ ነበር እንበል፤ ልዩነቱ 67 ነው። ያው ማሽን 34 ዲግሪ ክፍል ውስጥ 101 መድረስ አለበት። የዚህ ፕሮሰሰር የሙቀት ገደብ ግን 100 ነው፤ ስለዚህ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። አልተበላሸም፤ እንዲያውም እንዲህ በማድረጉ ነው የሚተርፈው።

በአንድ ነገር ግን ይፋት ታግዘዋለች። የደጋው አየር ሳሳ ያለ ነው፤ ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚገፋው አየር ክብደቱ ያንሳል። ቆላው ሞቃት ቢሆንም አየሩ ስለሚወፍር ጥቂት ዲግሪ ይመልሳል። ሙሉውን አያካክስም እንጂ።

ታዲያ ቅንብሩን ከሙቀቱ እንዴት እንለያለን? አንድን ፈተና በቀን ሁለቴ አሠሩት፤ ከሱብሒ በኋላ ክፍሉ ቀዝቀዝ ሲል፣ ከዙህር በኋላ ደግሞ ሲግል። ሲኒቤንች አር23 ለ10 ደቂቃ ያሠራል፤ ኤችደብልዩ ኢንፎ ደግሞ ሙቀቱን፣ ፍጥነቱንና «ተርማል ትሮትሊንግ» ደርሶ እንደሆነ ያሳያል። ጠዋት 3.7፣ ከሰዓት 3.2 ከሆነ ሙቀቱ ነው። በሁለቱም ሰዓት ሙቀቱ 60 ሆኖ ፍጥነቱ 3.4 ላይ ከቆመ ወደ ቅንብሩ ተመለሱ። በጠዋቱም 100 ከነካ ሙቀት ማስወጫው በደንብ አልተጫነም ወይም ተርማል ፔስቱ ደርቋል፤ የድሮውን ጠርጋችሁ አዲስ ቀቡና ብሎኖቹን በሰያፍ፣ ተራ በተራ አጥብቁ። ሙቀቱ ደህና ሆኖ ፍጥነቱ ጥቂት ብቻ ከወረደ ደግሞ የ65 ዋቱ የኃይል ገደብ ሊሆን ይችላል፤ እሱን ተዉት።

ሙቀቱ ከሆነ መፍትሔው ብዙ ወጪ የለውም። የቆላው አቧራ በማስወጫው ክንፎች መሃል ገብቶ እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍነዋል፤ ማሽኑን አጥፍታችሁ፣ ማራገቢያውን በጣት ይዛችሁ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉት። ሣጥኑን ከግድግዳ አርቁት። እናቶቻችን የሚያለብሱትን ዳንቴልም ቢያንስ ሲሠራ አንሡለት፤ የሚያምር ነገር ነው፣ ግን የአየር መግቢያውን ይዘጋዋል። ግራፊክስ ካርዱም በጠባቡ ሣጥን ውስጥ የራሱን ሙቀት ስለሚተፋ ለሙከራ ክዳኑን ከፍታችሁ ፈትኑ፤ ሙቀቱ በደንብ ከወረደ የጎደለው የአየር መንገድ ነው፣ ፕሮሰሰሩ ላይ ችግር የለም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ከሰዓት 3.7 የነበረው 3.5 ቢሆን ጌም ላይ ብዙም አይታወቅም፤ እዚያ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎትተው ትንሹ ግራፊክስ ካርድ ነው። ረጅም ቪዲዮ ሬንደር የሚያደርግ ሰው ግን ልዩነቱ በደቂቃዎች ይቆጠርበታል፤ እሱ ሥራውን ሱብሒ ሰግዶ ቢጀምረው ፀሐይዋ ቆርቆሮውን ሳታግለው ይጨርሳል፣ ኢንሻአላህ።