«ተሰበታ መጣሁ» ሲባል ስልካችን ምን ይሰማል?

ስሙኝማ! ስልክ ላይ ማይክሮፎኗን ነክተን ስናወራ ፊደሉ እየተንጠባጠበ የሚጻፈው እንዴት እንደሆነ በመጨረሻ ገባኝ።

መጀመሪያ ስልኩ ድምፃችንን ይቆራርጠዋል፤ አንዱ ቁራጭ የሰከንድ አንድ መቶኛ ያህል ነው። አስቡት፣ «ሰበታ» ብላችሁ እስክትጨርሱ ሃምሳ ያህል ቁራጭ! ከዚያ እያንዳንዱን ከተማረባቸው ድምፆች ጋር እያስተያየ «ይኼ ሰ ይመስላል፣ ይኼ በ» እያለ ይገምታል። የትኛው ቃል የትኛውን እንደሚከተልም ያሰላል። ልክ እንደ ሰፈር ባለሱቅ ነው፦ ደንበኛው ገና ተናግሮ ሳይጨርስ እጁን ወደ መደርደሪያው ይሰዳል፤ እንግዳ መጥቶ የማያውቀውን ስም ሲጠራበት ግን ካለው ዕቃ የሚቀርበውን ያነሳል። «አልሰማሁም» አይልም!

እንግዲህ «ከሰበታ መጣሁ» ስትሉት ይጽፈዋል። የመንዝ ወይም የቡልጋ ሰው ግን «ተሰበታ መጣሁ» ይላል። ፀሐይን «ጣይ»፣ ጾምን «ጦም» የሚለውም ብዙ ነው። ቡራዩና ሱሉልታ ደግሞ አፉን በኦሮምኛ የፈታ ሰው አማርኛውን በዚያው ቃና ያወራል፤ መሀል ላይ የኦሮምኛ ቃል ጣል ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ዊስፐር የሚባለው ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ሥርዓት ከሚያውቃቸው ከ90 በላይ ቋንቋዎች ውስጥ አማርኛ አለ፣ ኦሮምኛ የለም። ስለዚህ ያቺን ቃል ከሌለችበት መደርደሪያ ይፈልጋታል!

አሁን እኔን «አሃ!» ያሰኘኝን ስሙ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሰለሞን ተፈራና ባልደረቦቻቸው በጀርመን ሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ለማሽን ማስተማሪያ የሚሆን የ20 ሰዓት የአማርኛ ንግግር አሰናድተው ነበር። ድምፃቸውን ከሰጡት 100 ሰዎች 80ዎቹ የአዲስ አበባን አነጋገር የሚናገሩ ናቸው፤ 20ዎቹ ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከወሎና ከመንዝ። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ሌሎቹንም አልዘነጉም። ነገር ግን ሁሉም የዜና ዓረፍተ ነገር ነው ያነበቡት። የመንዙ ሰው ወረቀቱ ላይ «ከ» ተጽፎ ሲያይ «ከ» ብሎ ያነባላ! ድምፁ ገባ፣ «ተ»ው እቤት ቀረ።

የዛሬዎቹ ማሽኖች ከዚያ ብዙ እጥፍ ሰምተዋል። ግን ከንባብ ይልቅ ወሬ ያስፈልጋቸዋል፦ የገበያ፣ የሚኒባስ፣ የቡና ላይ ወሬ። ወሬው ተቀድቶ ሲጻፍም እኔ እንደተባለው ይጻፍ ባይ ነኝ። ጆሮው «ተሰበታ» እየሰማ ወረቀቱ «ከሰበታ» ካለው፣ ማሽኑ ምኑን ከምኑ ያዛምደው?