የላስታ ሰው ወደ ሐይቅ ሲሄድ

ተከዜን የሚያህል ወንዝ የሚመነጨው ከላስታ ተራሮች ነው። ይሁን እንጂ ምንጩ ቀጭን፣ ወንዙም በገደል የሚሮጥ ስለ ሆነ፣ በኩልመስክና በአካባቢው ተወልዶ ያደገ ሰው ውሃን የሚያውቀው በመሻገር እንጂ በመዋኘት አይደለም። እንዲህ ያለው ሰው በድልብ አድርጎ፣ ወልድያን፣ መርሳንና ውጫሌን አልፎ ሐይቅን ባየ ጊዜ በጀልባ ለመቅዘፍና ለመዋኘት ልቡ ቢነሣሣ የሚነቀፍ አይደለም። እኛም ይህን የምንጽፈው ይከልከል ለማለት ሳይሆን ይጠበቅ ለማለት ነው።

አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቀድሞ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። ስለዚህ የዋናተኞች ስፍራ ከገዳሙ ርቆ ሊወሰን ይገባል። የውሃው ስፋት 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ጥልቀቱ እስከ 88 ሜትር ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የሚገኝ በመሆኑም ማለዳ ይቀዘቅዛል፤ ድንገት የሚዘልበት ሰው ትንፋሹ ይቆራረጥበታልና ቀስ ብሎ ይግባ።

ካህናት እንደሚያውቁት፣ በሐዋርያት ሥራ በ27ኛው ምዕራፍ ቅዱስ ጳውሎስ የተሳፈረባት መርከብ በተሰበረች ጊዜ፣ የመቶ አለቃው ዋና የሚችሉት አስቀድመው ወደ ባሕር እንዲወርዱ፣ የቀሩት ግን በሳንቃና በመርከቢቱ ስብርባሪ ላይ ሆነው እንዲከተሉ አዘዘ፤ 276ቱም ነፍሳት በደኅና ወደ ምድር ደረሱ። ዋና የሚችለውን ከማይችለው መለየት፣ ለማይችለውም የሚንሳፈፍ ነገር መስጠት ነው። የሐይቁ ሹማምንት ከዚህ የረዘመ ደንብ አያስፈልጋቸውም።

እንግዲህ ለተሳፋሪው ሁሉ የመንሳፈፊያ ሰደሪያ ሳያለብስ ጀልባ ከዳር የሚያስነሣ ሰው ይቀጣ። የመዋኛው ስፍራ በገመድና በተንሳፋፊ ምልክት ይከለል፤ ዋና የሚያውቅ ጠባቂም ይቁምበት። አንዱ ሲሰጥም ወንድሙ ዘሎ ተከትሎት ሁለቱም እንዳይቀሩ፣ በዳሩ ረጅም በትር፣ መጫኛና ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን ይቀመጥ። ለዚህ በጀት የለንም የሚል ሹም ቢገኝ እኛ አናምነውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጸው በ2021 እ.ኤ.አ. ብቻ በዓለም ላይ 300,000 ያህል ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል፤ ከመቶ 92ቱም ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ነበሩ።

ሌላው ጠላት በዓይን የማይታይ ነው። የቢልሃርዚያ ተሕዋስ በሣራማ የውሃ ዳር በሚኖር ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድግና፣ ፀሐይ በበረታች ጊዜ ወደ ውሃው ወጥቶ በሰው ቆዳ ዘልቆ ይገባል። በሽታው በሐይቅ ከተማ ተማሪዎችም ላይ ተመርምሮ ተገኝቷል። ስለዚህ ሣርና ደንገል ከበዛበት ዳር መግባት አይገባም፤ ከጀልባ ወይም ከመድረክ ወደ ጠራው ውሃ መውረድ ይሻላል፤ አደጋውን ይቀንሰዋል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዓድዋ፣ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ እናቶቻችን ነጠላ የሚያነጡበት ፍሬ የዚህ በሽታ ተሸካሚ ገዳይ መሆኑን ለዓለም አስታወቁ።

ከሐይቁ የተመለሰ ሰው ግን ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ወደ ጤና ጣቢያ በመሄድ ሰገራውን ያስመርምር፤ በሽታው ከተገኘበትም ፕራዚኳንቴል የሚባለውን ክኒን ሐኪም እንዳዘዘው ይውሰድ።