ባለወርቅ ልቡ ዘንዶ

ነሐሴ 1961 ዓ.ም.፣ ዶርዜ። ክረምቱ ገና አልወጣም። ከአርባ ምንጭ በላይ ባለው በዚህ ደጋ አንድ ሽማግሌ እዚያው ወደሚኖር ፈረንሳዊ ወጣት ይመጣሉ። ሦስት ጊዜ ተመላልሰው አጥተውት ነበር፤ ለካ ኮንሶ ሄዶ ኖሯል። አሁን ቢያገኙትም ነገሩን ቶሎ አያወጡትም። መጀመሪያ ምስጢር እንዲጠብቅ ያስጠነቅቁታል። የሚጠይቁትን ከፈጸመ እግዚአብሔርም መንግሥትም ደስ እንደሚላቸው፣ ለማንም ትንፍሽ እንዳላሉ ይነግሩታል። በመጨረሻ ጉዳያቸው ይወጣል፤ ዘንዶ እንዲገድል ይፈልጋሉ። ዘንዶው ሁለመናው ወርቅ ነው፤ ልቡም ወርቅ። ማጅራቱ ላይ አንድ ቀንድ አለው። ያለበት ቦታ ቢርቅ ቢርቅ የሁለት ቀን መንገድ ነው። የገደለው ሰው ትልቅ ሰው ይሆናል።

ወጣቱ በኋላ በአንትሮፖሎጂ ስመ ጥር የሆነው ዳን ስፐርበር ነው። የዚያን ሰሞን ማስታወሻውን በ1982 ባሳተመው ጽሑፍ መግቢያ ላይ አወጣው (እዚህ ‹‹ዓ.ም.›› ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው)። አስተዋይ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት ሊያምን ይችላል የሚለው ጥያቄ ምሁራንን ብዙ አከራክሯል። ክርክሩ ለእነሱ ይቆይ። ሽማግሌው ነገራቸውን ያቀረቡበት መንገድ ግን፣ ማለትም ምስጢሩ፣ የአውሬው መልክ፣ ርቀቱና ሽልማቱ፣ ዛሬ በብዙ አገር ጓደኛሞች ቅዳሜ ማታ ጠረጴዛ ከበው የሚጫወቱት አንድ ጨዋታ ከሚጀመርበት መንገድ ጋር ቁርጥ አንድ ነው።

ያን ጊዜ ጨዋታው ገና አልተወለደም። ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ፣ ‹‹ዋሻና ዘንዶ›› ቢባል የማይከፋው፣ አሜሪካ ውስጥ የታተመው በ1974 ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት የጦርነት ጨዋታ አፍቃሪዎች አዘጋጁት፤ መጀመሪያ የወጣው 1,000 ቅጂ ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት የነበሩት የጦርነት ጨዋታዎች ባብዛኛው ተጫዋቹን የጦር አዛዥ ያደርጉት ነበር። እነዚህ ሁለቱ ግን አንድ ተጫዋች አንድ ሰው ይሁን አሉ። ስም ያለው፣ ጉልበትና ድክመት ያለው፣ ሊሞትም የሚችል አንድ ሰው።

አጨዋወቱን ለማስረዳት አርባ ምንጭን መጠቀም ይቻላል። ሲቀላ ሰፈር አንድ ቤት ውስጥ አምስት ጓደኛሞች ተቀምጠዋል እንበል። አንደኛዋ የጨዋታ መሪ ናት፤ ዓለሙን የምትተርከው እሷ ነች። አራቱ ደግሞ ገጸ ባሕርይ ይዘዋል፤ አንዱ ከሽሮ ሜዳ የተመለሰ የዶርዜ ሸማኔ፣ አንዷ የጫሞ ሐይቅ አሣ አስጋሪ፣ ሌላው ከዩኒቨርሲቲ የወጣ መሐንዲስ፣ አራተኛዋ መድኃኒት አዋቂ። ‹‹ከጨንቻ ስትወርዱ መሸባችሁ፤ ከቀርከሃው ውስጥ የሚያበራ ነገር ታያላችሁ፤ ምን ታደርጋላችሁ?›› ትላለች መሪዋ። ሸማኔው ጋቢውን ተከናንቦ ቀስ ብሎ መጠጋት ይፈልጋል። ይሳካለታል? ያን ጊዜ ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ይጣላል። ሸማኔው በባሕርዩ ድምፅ ሳያሰማ የሚራመድ ከሆነ በወጣው ቁጥር ላይ ነጥብ ይጨመርለታል። አሥራ ስምንት ከወጣ ማንም ሳያየው ይደርሳል። ሁለት ከወጣ ግን ደረቅ ቀርከሃ ረግጦ ቀጭ ያደርገዋል፤ ከዚያ የሚሆነውን መሪዋ ትተርካለች።

እንግዲህ ጨዋታው ይኸው ነው። አሸናፊ የለውም። ካርታ፣ ዳማ ወይም ፑል ለለመደ ሰው መጀመሪያ የሚከብደው ይህ ነው፤ ‹‹ታዲያ ማን በላ?›› ብሎ ይጠይቃል። ማንም አልበላም። ታሪኩ በሚቀጥለው ቅዳሜ ካቆመበት ይቀጥላል፤ አንዳንዱ ቡድን አንዱን ታሪክ ዓመታት ሲያስኬደው ይኖራል።

ነገሩ ባዕድ የሚመስለው ሰው እንቆቅልሽን ያስታውስ። መልሱን ያጣ ልጅ አገር ይጠየቃል፤ እሱም ጎንደርን ወይም ሐረርን በአፉ ያስረክባል። ተቀባዩም አገሩ ውስጥ ገብቶ ሲንደላቀቅ ያሳያል። ቦርድ የለም፣ ገንዘብ የለም፤ ያለው ተሰብስቦ አንድን ነገር እንዳለ አድርጎ መቀበል ነው። ልዩነቱ እንቆቅልሽ በአገር ርክክቡ ሲያበቃ፣ ይኛው ጨዋታ አገሩ ውስጥ ገብቶ መኖር መጀመሩ ነው።

ኢትዮጵያ ሳታውቀው ከጥንት ጀምሮ ጨዋታው ውስጥ አለችበት። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊ ጸሐፊ ፕሊኒ፣ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ምድር ሁሉ ‹‹ኢትዮጵያ›› እያለ፣ እዚያ ይኖራሉ ያላቸውን አስፈሪ አራዊት ዘርዝሯል። አንዱ ካቶብሌፓስ ነው፤ ጭንቅላቱ ስለሚከብደው ሁልጊዜ አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ፣ ዓይኑን ያየ ሰው ግን የሚሞትበት። ይህ ፍጥረት በ1977 በታተመው የጨዋታው የአራዊት መጽሐፍ ውስጥ ቦታ አግኝቷል። ዶርዜ ያለበት ጋሞ ሄዶ ጠይቆ የሚጽፍ ቢኖር ኖሮ የተሻለ አውሬ ይዞ ይመለስ ነበር። ያው ስፐርበር፣ ጨዋታው በታተመበት በ1974 ባወጣው መጽሐፉ፣ ዶርዜዎች ነብርን ክርስቲያን ነው እንደሚሉት ጽፏል፤ የቤተ ክርስቲያንን ጾም ይጠብቃል። ሆኖም ረቡዕና ዓርብ ዶርዜው ከብቱን ሳይጠብቅ አይውልም። ጾም የሚጾም ነብር፣ ጾሙን የሚያምን ግን በረቱን የማይከፍት ገበሬ! የትኛውም የልብ ወለድ ጸሐፊ ቢቀናበት አይፈረድበትም።

አሁን ደግሞ ከዚህ ጨዋታ ጋር ወደሚስማማው ሙዚቃ እንሻገር። ሽማግሌው ዘንዶውን ካነሱ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በጥቅምት 1969፣ እንግሊዝ ውስጥ ኪንግ ክሪምሰን የተባለ ቡድን የመጀመሪያ አልበሙን አወጣ። ፕሮግረሲቭ ሮክ የሚባለውን የሙዚቃ ዓይነት ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ከዚያ አልበም ይነሳሉ። ሐሳቡ ባጭሩ፣ ሮክ ለምን በሦስት ደቂቃ ያልቃል የሚል ነው። እንደ ክላሲካል ሙዚቃ በክፍል በክፍል ቢሠራስ? ምቱ መሐል ላይ ቢለወጥስ? ጀትሮ ተል የተባለው ቡድን በ1972 ያወጣው አንድ አልበም ከዳር እስከ ዳር አንድ ዘፈን ነው፤ ከአርባ ደቂቃ በላይ ይፈጃል፤ የሚቋረጠው ሸክላው መገልበጥ ስላለበት ብቻ ነው። የካናዳው ረሽ በ1976 የአንድ ሸክላ ሙሉ ገጽ ወስዶ፣ ካህናት በሚገዙት ዓለም ጊታር ያገኘ ወጣትን ታሪክ ተረከ። ጠረጴዛው ላይ የሚጫወት ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው ቤቱ የገባ ያህል ይሰማዋል።

ለጀማሪ ጆሮ ቀላሉ መግቢያ የፒንክ ፍሎይድ ‹‹መኒ›› ነው፤ በ1973 የወጣ። በእጅ እያጨበጨቡ መቁጠር ነው፤ ሰባት ላይ ይመለሳል። ችክችካ ስድስት እያስቆጠረ ያሳደገው ጆሮ መጀመሪያ አንድ እግሩ ይንጠለጠልበታል፤ ሦስተኛ ጊዜ ሲያደምጠው ይገባዋል። መሐል ላይ ጊታሩ ብቻውን ሲነሳ ምቱ ወደ አራት ይገባል፤ አድማጩም ሳያስበው ትንፋሹን ይለቃል።

ዶርዜ ላደገ ሰው ግን የተደራረበ ሙዚቃ ብርቅ አይደለም። በሰሜኑ ደጋ ባመዛኙ አንድ ዜማ ነው፤ መሪው ያወጣል፣ ተቀባዩ ያንኑ ይከተላል። ዶርዜዎች ሲዘፍኑ ብዙ ድምፅ በአንድ ጊዜ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ የራሱ መንገድ፣ የራሱ መግቢያና መውጫ አለው። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ተመራማሪ በርናር ሎርታ ዣኮብ በ1970ዎቹ ይህንን ቀድቶ በሸክላ አሳትሞታል። ዶርዜዎች ሮክ ይዘፍናሉ ማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ማጋነን ሁለቱንም ይጎዳል። ነገር ግን አራት ነገር በአንድ ጊዜ ማድመጥን ከልጅነቱ የለመደ ጆሮ፣ ለረጅምና ለተወሳሰበ ሙዚቃ ከከተሜው ጆሮ ይልቅ ዝግጁ ቢሆን አያስገርምም።

በአገራችን ሮክ ሲነሳ ጃኖ ባንድ ይጠቀሳል። በአራት ድምፃውያንና በከባድ ጊታር የአገሩን ቅኝት ይዞ የመጣው ይህ ቡድን በ2012 ያወጣውን ‹‹ኤርታሌ›› የተሰኘ አልበም ፕሮዲውስ ያደረገው አሜሪካዊው የቤዝ ጊታር ተጫዋች ቢል ላስዌል ነበር። ላስዌል ወጣት ሳለ፣ ጎንግ የተባለውን የፕሮግረሲቭ ሮክ ቡድን ከመሠረተው ከዴቪድ አለን ጋር ኒው ዮርክ ውስጥ ተጫውቷል። የጃኖ ዘፈኖች እንደነ ረሽ ሃያ ደቂቃ አይፈጁም፤ ዝምድናው ግን በዚህ በኩል ይመዘዛል።

ወደ ጨዋታው እንመለስ። የሚወዱት ሰዎች የማይሸሽጉት አንድ ጉድለት አለው፤ ከጦርነት ጨዋታ ስለተወለደ ደንቡ አብዛኛው ስለ መግደል ነው። በር ላይ የቆመ ጠላት ካለ ዳይሱ የሚነሳው ለሰይፍ ነው። ጋሞ ላይ ቢሠራ ይህ መለወጥ ነበረበት። በመስከረም 2018፣ ቡራዩ ውስጥ ጋሞዎች ከተገደሉ በኋላ፣ አርባ ምንጭ ውስጥ በቁጣ የወጡ ወጣቶችን የጋሞ አባቶች እርጥብ ሳር ይዘው ፊታቸው ተንበርክከው መለሷቸው። በጋሞ ሥርዓት ሳር የያዘን ሽማግሌ ረግጦ ማለፍ ነውር ነው። አባቶቹ ሳር ሲይዙ ዳይስ የማይጣልበት፣ ነገሩ ወደ ዱቡሻ፣ ወደ ሸንጎው አደባባይ የሚሄድበት ጨዋታ ቢዘጋጅ፣ ከአሜሪካኑ የሚቀዳ ሳይሆን ለአሜሪካኑ የሚያስተምር ይሆናል።

ለታሪክ መነሻ የሚሆን ደግሞ ሞልቷል። የእግዜር ድልድይ በአባያና በጫሞ ሐይቆች መካከል ተጋድሟል። ዶርዜ ላይ ከቀርከሃ የተሠራ፣ ፊቱ የዝሆን የሚመስል ቤት አለ፤ እግሩን ምስጥ ሲበላው ቤቱ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ይተከላል። በ1990 ነጭ ሣር ፓርክ የገቡ ተመራማሪዎች መንገድ ላይ ሞታ ካገኟት አንዲት የሌሊት በራሪ ወፍ ያተረፉት ክንፏን ብቻ ነው። በዚያ አንድ ክንፍ በ1995 አዲስ ዝርያ ተብላ ተመዘገበች፤ የሳይንስ ስሟም ‹‹ክንፍ ብቻ›› እንደማለት ነው። የወፏን ፈለግ የሚከተል ቡድን ሦስት ቅዳሜ አያንሰውም።

መጀመር ለሚፈልግ ሰው፣ የጨዋታው መሠረታዊ ደንብ በእንግሊዝኛ በኢንተርኔት በነፃ ይገኛል፤ በ2023 ባለቤቱ ኩባንያ ማንም ወስዶ እንዲሠራበት፣ እንዲተረጉመውም ፈቅዷል። ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ከጠፋ፣ ከ1 እስከ 20 ቁጥር የተጻፈባቸው ብጣሽ ወረቀቶች ስኒ ውስጥ ጨምሮ ማውጣት ያው ነው፤ የወጣው ወረቀት ግን ተመልሶ መግባቱ አይረሳ። እርሳስ፣ ወረቀት፣ ቡና። ለመጀመሪያው ቀን ሁለት ሰዓት ይበቃል። ከአምስት ሰው በላይ አይጋበዝ፤ ተራ ሲርቅ ስልክ ይወጣል። ሙዚቃው ዝቅ ተደርጎ ይከፈት፤ ዘፈኑ ረጅም ስለሆነ ለመለወጥ ማንም አይነሳም።

መነሻ ታሪክ ያጣ የጨዋታ መሪ ካለ ደግሞ፣ የዶርዜው ሽማግሌ ከመለያየታቸው በፊት ከሰዓት በኋላ ዘንዶውን ያየ ሰው ይዘው እንደሚመለሱ ተናግረው ነበር። ከዚያ ይጀምር።