እርጅና እየተባለ የሚታለፍ በሽታ



በካፋ ቡና ሳይቀርብለት የሚሸኝ እንግዳ የለም። በደካም ሆነ በቦንጋ ቡና ሲፈላ ሰብሰብ ብለው ከተቀመጡት መካከል አንድ እጃቸውን ከጋቢ ሥር የሚደብቁ አባት ቢኖሩ ልብ እንበል። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ አሳፍሯቸው ይሆናል። አንዱ «እርጅና ነው» ይላል፤ ሌላው «እርግማን ነው» ይላል። በዚህ መካከል ሕክምና ሊረዳቸው የሚችልበት ዘመን ያልፋል።

በሽታው ፓርኪንሰን ይባላል። ስሙ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1817 ስለ በሽታው ከጻፈው ከእንግሊዛዊው ሐኪም ከጄምስ ፓርኪንሰን ነው። የሚመጣው ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚሠሩ የአንጎል ሕዋሳት ቀስ በቀስ ሲሞቱ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይበልጥ የሚታየው ከ60 ዓመት በኋላ ቢሆንም ወጣቶችንም ይይዛል።

ዋና ዋና ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፤

1ኛ. መንቀጥቀጥ። እጅ ሥራ ሳይዝ ጭን ላይ ባረፈበት ጊዜ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል የቡና ፍሬ እንደሚያሽ ሰው ይንቀጠቀጣል። ብዙ ጊዜ በአንድ ወገን ይጀምራል። መንቀጥቀጥ የሌለባቸው ሕሙማንም አሉ።

2ኛ. መዘግየት። ቁልፍ መቆለፍና ቡና መልቀም ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ የእጅ ጽሑፍ እየደቀቀ ይሄዳል።

3ኛ. የጡንቻ መገተር። አንዱ ክንድ በእርምጃ ጊዜ አይወዛወዝም፤ ፊትም ስሜት አያሳይም፤ ድምፅ ይደክማል።

4ኛ. አካሄድ። እግር መሬት ለመሬት ይጎተታል፤ ሚዛን መጠበቅ እያደር ያስቸግራል።

ሽታ መለየት አለመቻል፣ የሆድ ድርቀትና በእንቅልፍ ላይ መጮህ ወይም መማታት ከእነዚህ ምልክቶች ብዙ ዓመት ቀድመው ሊመጡ ይችላሉ።

ይሁን እንጂ የሚንቀጠቀጥ ሁሉ ፓርኪንሰን አለበት ማለት አይደለም። አንዳንድ የአእምሮ ሕመምና የማስታወክ መድኃኒቶችም ይህንኑ የሚመስል ሁኔታ ያመጣሉ። ስለዚህ ወደ ሐኪም ስንሄድ የምንወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ይዘን እንሂድ።

በሽታውን ፈጽሞ የሚያጠፋ መድኃኒት እስካሁን የለም። ሌቮዶፓ የተባለው መድኃኒት ግን ምልክቶቹን ያቀላል፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው። የካፋ ሰው በመጀመሪያ በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ቦንጋ ሆስፒታል ይሂድ። በአዲስ አበባም በወይዘሮ ክብራ ከበደ የተመሠረተ የፓርኪንሰን ሕሙማን ድጋፍ ድርጅት አለ።

ጸሎታችን አይቋረጥ፤ ነገር ግን ወደ ሐኪም ቤት መሄድን አያስቀርብን። ከሁሉ በፊት ያንን ከጋቢ ሥር የተደበቀ እጅ በፍቅር እንያዘው።