ከደብተር ሥዕል እስከ ንግድ ዓርማ

ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በዘመናቸው ለነበሩ ነገሥታት ደብዳቤ ለመላክ ባሰቡ ጊዜ፣ ነገሥታቱ ማኅተም የሌለበትን ደብዳቤ እንደማይቀበሉ ተነገራቸው። በዚህም ምክንያት የብር ቀለበት አሠርተው «ሙሐመድ ረሱሉላህ» የሚለውን በሦስት መስመር አስቀረጹበት። ሌላ ሰው ይህንኑ ጽሑፍ በቀለበቱ ላይ እንዳያስቀርጽም ከለከሉ። ታሪኩ በቡኻሪና በሙስሊም የሐዲስ ስብስቦች ተዘግቧል።

ከዚህ እንደምንረዳው ምልክት የሚታመነው የባለቤቱ ብቻ ሲሆንና በሄደበት ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ ሲገኝ ነው። የንግድ ዓርማም እንዲሁ ነው። ገዢ የታሸገውን ሽሮ ሳይቀምስ የሚገዛው ዓርማውን አምኖ ነውና ዓርማ አማና ነው።

የደብተሩ ሥዕል ለምን ይበላሻል?

በየሰፈራችን በርበሬ፣ ሽሮ፣ ማር ወይም ሒጃብ በመሸጥ ንግድ የሚጀምሩ እናቶችና ወጣቶች ብዙ ናቸው። ዓርማውንም ብዙውን ጊዜ ከቤተሰቡ መካከል እጁ ለሥዕል የሚቀናው ልጅ በደብተር ላይ ይሥለዋል። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ችግሩ የሚመጣው ሥዕሉ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ወደ ማተሚያ ቤት ሲላክ ነው። ፎቶግራፍ ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ባለቀለም ነጥቦች የተሠራ ነው። በትንሽ ካርድ ላይ ያማረው ምስል ለሱቅ ታፔላ ሲተልቅ ነጥቦቹም አብረው ይተልቃሉ፤ ጠርዙ ይሻክራል፣ ፊደሉ ይደበዝዛል። እያንዳንዱ ማተሚያ ቤት በራሱ መንገድ ሲያስተካክለው ደግሞ በማሸጊያው፣ በማኅተሙና በታፔላው ላይ ሦስት የተለያዩ ዓርማዎች ይወጣሉ።

መፍትሔው ቬክተር የሚባለው አሠራር ነው። ቬክተር ምስሉን በነጥቦች ሳይሆን በሒሳብ በተለኩ መስመሮችና ኩርባዎች ይይዘዋል። ኩርባዎቹ ስማቸውን ያገኙት በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የመኪና አካል ለመንደፍ ከተጠቀመባቸው የሬኖ መሐንዲስ ከፒየር ቤዚዬ ነው። በዚህ መንገድ የተሠራ ዓርማ በብዕር ላይም ሆነ በሕንፃ ላይ ጥራቱ አይለወጥም።

አሠራሩ

በመጀመሪያ ሥዕሉን በንጹሕ ነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር ብዕር እንደገና መሣል ያስፈልጋል። በመቀጠል በስካነር ቢያንስ በ300፣ ቢቻል በ600 ዲፒአይ ይነሣል። ስካነር ከሌለ ጥላ በሌለበት የቀን ብርሃን፣ ስልኩን ከወረቀቱ ትይዩ አድርጎ ማንሣት ይቻላል።

ቀጣዩ ሥራ የሚሠራው በኮምፒዩተር ነው። ኢለስትሬተርና ኮርል ድሮው የታወቁ ፕሮግራሞች ሲሆኑ ኢንክስኬፕ በነፃ ይገኛል። ፕሮግራሞቹ ሥዕልን በአንድ ትእዛዝ ወደ ቬክተር ይለውጣሉ። ሆኖም የእጅ መንቀጥቀጡንና የወረቀቱን ጉድፍ ሁሉ እንደ መስመር ይቆጥሩታል። ስለሆነም ሥዕሉን ከሥር አስቀምጦ መስመሩን በእጅ እየተከተሉ መሥራት ይሻላል። ኩርባውን የሚይዙት ነጥቦች ባነሱ ቁጥር መስመሩ ይለሰልሳል።

ዓርማው በቅድሚያ በጥቁር ቀለም ብቻ ይጠናቀቅ፤ ማኅተም ሁለተኛ ቀለም የለውምና። ቀለም ሲጨመር ደግሞ በስክሪን ላይ የሚያበራ አረንጓዴ በወረቀት ላይ ደብዘዝ ብሎ ሊወጣ ስለሚችል በቅድሚያ ናሙና ማሳተም ይገባል። የአማርኛውና የዐረብኛው ጽሑፍም ወደ ቅርጽ መለወጥ አለበት። አለዚያ የማተሚያ ቤቱ ኮምፒዩተር ያ ፎንት ከሌለው በሌላ ይተካዋል።

ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮች

እ.ኤ.አ. በ1997 ናይኪ ኩባንያ «ኤር» የሚለውን ቃል በነበልባል መልክ በጫማ ላይ አስፍሮ ነበር። ጽሑፉ በዐረብኛ «አላህ» ከሚለው ስም ጋር በመመሳሰሉ ሙስሊሞች ቅሬታ አቀረቡ። ኩባንያውም ይቅርታ ጠይቆ 38 ሺህ ያህል ጥንድ ጫማዎችን ለመሰብሰብ ተስማማ። እንግዲህ ዓርማው ሳይታተም ዐረብኛ ለሚያነብ ሰው ማሳየት ብልህነት ነው። እኛም ለበረካ ብለን የአላህን ስም ወይም የቁርኣን አንቀጽ በፌስታልና በማሸጊያ ላይ ከማሳተማችን በፊት እቃው ካለቀ በኋላ ማሸጊያው የት እንደሚጣል እናስብ።

ሁለተኛው ጉዳይ ባለቤትነት ነው። የሌላውን ዓርማ ጥቂት ለውጦ መጠቀም ገዢን ማታለል ነው። የራስን ዓርማ ደግሞ በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ይቻላል፤ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ጥበቃው ለ7 ዓመት ይሰጣል፣ ይታደሳልም።

ከባለሙያው ጋር ሥራው ከመጀመሩ በፊት ዋጋውንና የሚረከቡትን በጽሑፍ መስማማት ተገቢ ነው። ቁርኣን (አል-በቀራ 282) የብድር ውል እንዲጻፍ ማስተማሩን እናስታውስ። ምስሉን ብቻ ሳይሆን ዋናውን የቬክተር ፋይል በኤስቪጂና በፒዲኤፍ መልክ ተረከቡ፤ ሁለት ቦታም አስቀምጡት። ሥዕሉን ለሣለው ልጅም፣ የቤተሰብ ነው ብላችሁ ሳትተዉ፣ የድካሙን ዋጋ ስጡት።

የዓርማው መስመር ሲጠራ የሚዛኑም ነገር አብሮ ይጥራ። አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ ሥራችንን በረካ ያድርግልን።