ቤት የሚያፈሰው ከሚስማሩ ነው

ከእንጦጦ ላይ ሆኖ ቁልቁል አዲስ አበባን ላየ ሰው ከፎቆቹ በስተቀር ዓይኑ የሚያርፈው ቆርቆሮ ላይ ነው። አዲሱ ያብረቀርቃል፣ የቆየው ቡናማ ሆኗል። በሥሩ የሚኖረው ባለቤት ግን የሚያስታውሰው ሐምሌ ገብቶ ኮርኒሱ ላይ ቢጫ ክብ ሲወጣበት ነው። ያን ጊዜ ቆርቆሮ ሠራተኛ ተለምኖም አይገኝ፤ ቢገኝም እርጥብ ጣሪያ ላይ መውጣት አደጋ ነው።

የታጠፈ ቆርቆሮ ወደ ዓለም የመጣው ከእንግሊዝ ነው። የለንደን ወደብ መሐንዲስ የነበረው ሄንሪ ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1829 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ልሙጥ ወረቀት በእጅ ሲያዝ ይንጠለጠላል፣ እንደ ማራገቢያ ሲታጠፍ ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ስስ ብረትም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1837 ደግሞ ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶረል ብረትን በቀለጠ ዚንክ ውስጥ ነክሮ ከዝገት የመጠበቅን ዘዴ አስመዘገበ። ዚንኩ ብረቱን መሸፈን ብቻ አይደለም ሥራው፤ ቆርቆሮው ሲጫር እንኳ ቀድሞ እየተበላ ብረቱን ያተርፋል። ቀይ ዝገት ብቅ ካለ እዚያ ቦታ ላይ ዚንኩ አልቋል ማለት ነው።

ገበያ ላይ ውፍረቱ የሚጠራው በጌጅ ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፤ ባለ 35ቱ ከባለ 28ቱ የሳሳ ነው። ይህን ሳያውቁ ትልቅ ቁጥር ጠንካራ መስሏቸው የሚገዙ አሉ።

ቆርቆሮው ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን አብዛኛው ቤት የሚያፈሰው ከገላው ሳይሆን ከሚስማሩ ነው። ቆርቆሮው ቀን ፀሐይ ሲመታው ይለጠጣል፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። ማታ ማታ ከጣሪያ የሚሰማው «ጧ» የሚል ድምፅ ከዚሁ የሚመጣ ነው። ይህ እንቅስቃሴ በየቀኑ ሚስማሩን ጥቂት በጥቂት ወደ ላይ ይስበዋል። ማገሩ እርጥብ ባህር ዛፍ ሆኖ ከተመታ ደግሞ እንጨቱ ሲደርቅ ቀዳዳው ይሰፋል። ከሚስማሩ ራስ ሥር ያለው ጎማም በፀሐይ ደርቆ ይሰነጠቃል። ሚስማሩ መመታት ያለበት በእጥፉ ጀርባ ላይ ነው፤ ጎድጓዳው ላይ ከተመታ ውሃ የሚወርድበት መንገድ ላይ ቀዳዳ ተከፈተ ማለት ነው።

የላላ ሚስማርን በዚያው ቀዳዳ መልሶ መደብደብ ለጥቂት ጊዜ ያታልላል እንጂ አያድንም። ነቅሎ፣ ቀዳዳውን በሲሊኮን ሞልቶ፣ ወፈርና ረዘም ያለ ባለ ጎማ ብሎን ማሰር ይሻላል። ብሎኑ ከልክ በላይ ከጠበቀ ቆርቆሮው ይሰረጉድና ውሃ ይቋጥራል፤ ጎማው ቆርቆሮው ላይ በደንብ ሲያርፍ ማቆም ነው።

ፍተሻው ከውስጥ ቢጀመር ጥሩ ነው። ጠራራ ፀሐይ በሆነ ቀን ቀትር ላይ ወደ ኮርኒሱ ላይ መውጫ ካለ ወጥቶ መብራት አጥፍቶ መቀመጥ፤ ዓይን ጨለማውን ሲለምድ የተበሳው ቦታ እንደ ኮከብ ብልጭ ይላል። ኮርኒሱ ላይ ያለው ቢጫ ነጥብ ግን ቀዳዳው ያለበትን ቦታ አያሳይም። ውሃው ገብቶ ወራጁን ወይም ማገሩን ተከትሎ ሄዶ ሌላ ቦታ ሊንጠባጠብ ይችላልና፣ ከነጥቡ ተነስቶ ወደ ላይኛው ተዳፋት መፈለግ ያስፈልጋል። ኮርኒሱ ራሱ የሰው ክብደት አይሸከምም፤ እግር የሚያርፈው እንጨቱ ላይ ብቻ ነው።

ጣሪያው ላይ ሲወጣም የሚረገጠው የሚስማሩ መስመር ነው፤ ከሥሩ ማገር አለ። መሃል መሃሉን የረገጠ ሰው እጥፉን ይጨፈልቀዋል። ዲሽ የሚያስተክል ሰው ይህን ለሠራተኛው ቢነግረው አይቆጨውም። መሰላሉም ከመብራት ሽቦ ይራቅ።

አሸንዳውን ብዙ ሰው ይንቀዋል። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ ይህም 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ከ100,000 ሊትር በላይ ውሃ ነው፣ አብዛኛውም በክረምት ይወርዳል። የባህር ዛፍ ቅጠልና አቧራ የቱቦውን አፍ ከደፈነው ውሃው ወደ ግድግዳው ወይም ወደ ጎረቤት ይመለሳል፤ የጎረቤት ጸብ ከዚህም ይነሳል። ቅጠሉ ርሶ የሚቀመጥበት ቦታ ደግሞ ዚንኩ ቶሎ የሚያልቅበት ነው።

ትንሽ ዝገት ሲታይ በሽቦ ብሩሽ ፍቆ ፀረ ዝገት ቀለም መቀባት ዕድሜ ይጨምራል። ጣት ሲጫነው የሚሰበር ቆርቆሮ ግን ቀለም አያድነውምና መቀየር አለበት። አዲስ ቆርቆሮ በዛገው ላይ መደረብንም አልደግፍም፤ በመሃል የታሰረው እርጥበት አዲሱንም ከሥሩ ይበላዋል።

ስለዚህ ግንቦት ሳይወጣ አንድ ቀን መድቡ። አሸንዳውን አጽዱ፣ ሚስማሮቹን አስፈትሹ፣ ክረምቱ ሲወጣም መስከረም ላይ ድገሙት።