«ጊዜው አልፎበታል» የተባለው ኮምፒዩተር

የሰው መዝናኛ ልዩ ልዩ ነው። አንዱ ቴምብር ይሰበስባል፤ ሌላው እሑድ በመጣ ቁጥር ስታዲየም ይውላል፤ ሌላው ደግሞ አሮጌ ቮልስዋገን ገዝቶ ከሥሯ እንደ ተጋደመ ይመሽበታል። የኛ ዕጣ ሰው የጣለውን ኮምፒዩተር ማንሣት ሆነ። እናታችን በክፍላችን በር ብቅ ባሉ ቁጥር በጠረጴዛው ላይ የተበተነውን ሽቦና ብሎን አይተው፣ «ዩኒቨርሲቲ ድረስ ያስተማርንህ ቆራሌው እንድትሆን ነው?» ይላሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ስለዚህ ዛሬ ለእርሳቸውም ለአንባቢያችንም መልስ የሚሆን ነገር ለመጻፍ አሰብን።

በጠረጴዛችን ላይ ሦስት ኮምፒዩተሮች ይገኛሉ። በማዕረግም በፍቅርም አንደኛው ቲንክፓድ ኤክስ 220 የተባለው ጥቁር ላፕቶፕ ነው። የወጣው በ2011 ዓ.ም. ነው (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን)። ቲንክፓድ የሚለውን ስም በ1992 ለገበያ ያቀረበው አይ ቢ ኤም ሲሆን፣ በ2005 የቻይናው ሌኖቮ ሥራውን ገዝቶ ቀጠለበት። ዛሬ ከሚሸጡት እንደ ወረቀት ከሳሱት ላፕቶፖች አጠገብ ሲቀመጥ የገጠር ሣጥን ይመስላል፤ ዳሩ ግን ጥቅሙ ሣጥንነቱ ነው። ባትሪው ያለ ምንም መሣሪያ በእጅ ይወጣል፤ አንዲት ብሎን ቢፈቱ ሀርድ ዲስኩ ይሳባል፤ ራሙን ለመለወጥ ካቻቪቴ የያዘ የ12 ዓመት ልጅ ይበቃል። የመጻፊያ ቁልፎቹ ሰባት ረድፍ ናቸው፤ ጣት ሲያርፍባቸው እንደ ጥንቱ የጽሕፈት መኪና ወረድ ብለው መልሰው ይገፋሉ። ታናሽ ወንድሙ በ2012 ሲወጣ ረድፉ ወደ ስድስት ዝቅ ማለቱን እኛ እስከ ዛሬ ይቅር አላልንም።

በገዛነው ጊዜ እንደ ሸክላ ማጫወቻ እየዞረ የሚሠራ ሀርድ ዲስክ ነበረው። እርሱን አውጥተን የሚዞር ነገር በሌለው ኤስ ኤስ ዲ ብንተካው፣ ቡና እስኪፈላ ድረስ ያስጠብቅ የነበረው ኮምፒዩተር ቡናው ወደ ሲኒ ሳይቀዳ የሚነሣ ሆነ። ለአሮጌ ኮምፒዩተር ገንዘብ ለማውጣት ያሰበ ሰው ምክር ቢጠይቀን፣ ከሁሉ አስቀድሞ ለዚህ ያውጣ እንላለን።

ሁለተኛው ባለ 2 ጊጋባይት ራም ዴስክቶፕ ነው። ስለ እርሱ ብዙ የሚነገር የለም፤ ይጮኻል፤ በክረምትም እግር ያሞቃል። ሦስተኛው ግን ራስፕቤሪ ፓይ ይባላል፤ መጠኑ ከመታወቂያ ካርድ ብዙም አይበልጥም። የእንግሊዝ አገር ሰዎች በካምብሪጅ ከተማ ለልጆች የፕሮግራም ሥራ ማስተማሪያ እንዲሆን ብለው በ2012 በ35 ዶላር ያወጡት ነው። የኛው በ2016 የወጣው ሦስተኛው ዓይነት ሲሆን፣ የሚሠራው የስልክ ቻርጀር በመሰለ ነገር ነው። መብራት በጠፋ ጊዜ ከፓወር ባንክ ጋር አያይዘነው ሥራውን ይቀጥላል፤ ጩኸታሙ ዴስክቶፕ ግን ያን ጊዜ ዝም ይላል።

እነዚህ ሦስቱ በዕድሜም በመልክም የማይገናኙ ሲሆኑ አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ቢኖር ሁሉም በሊኑክስ መሥራታቸው ነው። ሊኑክስ ምን እንደሆነ ከማስረዳታችን በፊት ግን ስለ አንዲት ጎረቤታችን እንናገር።

እኚህ ሴት አንድ ቀን የልጃቸውን ላፕቶፕ በፌስታል ጠቅልለው ይዘው መጡ። ልጅቱ ኮሌጅ ገብታ አካውንቲንግ ትማራለች። ላፕቶፑ ስለ ዘገየባት እናቲቱ ወደ አንድ ሱቅ ወስደውት ኖሮ፣ ሻጩ ከፍቶ አየና «እማማ፣ ይኸ ጊዜው አልፎበታል፤ አዲስ ይግዙላት» አላቸው። የአዲሱንም ዋጋ ነገራቸው። ዋጋውን እኛ እዚህ አንጽፍም፤ እርሳቸው ግን ሲነግሩን ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው ነበር።

«ልጄ፣ ጊዜው አልፎበታል ማለት ምን ማለት ነው? ወተት ነው እንዴ?» አሉን።

«የለም እትዬ፤ ቀኑ ያለፈው ዕቃው ሳይሆን በውስጡ ያለው ፕሮግራም ነው» አልናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በላፕቶፑ ውስጥ የነበረው በ2015 የወጣው ዊንዶውስ 10 ነው። ማይክሮሶፍት ለዚህ ፕሮግራም ይሰጠው የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ጥገና በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቆመ፤ ለሚመዘገቡ ሰዎች ብቻ እስከ ኦክቶበር 2026 የሚደርስ ተጨማሪ ጊዜ ሰጠ። በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲ ፒ ኤም 2.0 የተባለ የምሥጢር መጠበቂያ ክፍልና በስም ተለይተው ከተዘረዘሩት አዳዲስ ፕሮሰሰሮች አንዱን ይጠይቃል። ይህም ለደኅንነት ሲባል ነው ተብሏል፤ ምክንያቱም ሐሰት አይደለም። ሆኖም ስክሪኑ የሚበራ፣ ቁልፉ የሚመታ፣ ድምፁ የሚሰማ ኮምፒዩተር ሁሉ አንድ ሌሊት ሲያድር ሽማግሌ ሆነ ማለት ነው።

የመርካቶን ምናለሽ ተራ ለሚያውቅ ሰው ይህ አነጋገር እንግዳ ነው። በዚያ ሰፈር በርሜል ምድጃ ይሆናል፤ የመኪና ጎማም በረባሶ ሆኖ ሌላ አሥር ሺህ እርምጃ ይሄዳል። ቀጥቃጩ በርሜሉን ሲቆርጥ የፋብሪካውን ፈቃድ አይጠይቅም። የኮምፒዩተር ጉዳይ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ብረቱን የገዛ ሰው በውስጡ ያለውን ፕሮግራም ከፍቶ ለማየትም ለማረምም መብት የለውም። ሚስተር ሪቻርድ ስቶልማን የተባሉ አሜሪካዊ ይህ አላስችል ብሏቸው፣ ማንም ሰው ሊመለከተው፣ ሊያሻሽለውና ለሌላው ሊያድለው የሚችል የፕሮግራም ስብስብ ለመሥራት በሴፕቴምበር 1983 ሐሳባቸውን አስታወቁ። ስሙንም ግኑ አሉት። ብዙው ክፍል ተሠርቶ ሲያልቅ ልብ የሚሆነው ክፍል ጎደለ። ያንን ያመጣው በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረው የ21 ዓመቱ ሊኑስ ቶርቫልድስ ነው። በኦገስት 25 ቀን 1991 ሥራውን ሲያስታውቅ፣ ነገሩ ለመዝናኛ ያህል እንደሆነና ትልቅ ጉዳይ እንደማይሆን ገልጾ ነበር። (እናታችን ይህን አንቀጽ ደግመው ቢያነቡልን ደስ ይለናል።) ከኖቬምበር 2017 ጀምሮ በዓለም ፍጥነት ተመዝነው በሚወጡት 500 ታላላቅ ኮምፒዩተሮች ዝርዝር ውስጥ ያሉት ሁሉ በሊኑክስ የሚሠሩ ሆነዋል። አንባቢያችንም በኪሱ የያዘው ስልክ አንድሮይድ ከሆነ፣ ሳያውቀው ሊኑክስን ተሸክሞ ይዞራል።

ሊኑክስም ቢሆን ሽማግሌን ለዘላለም አይጦርም። ቶርቫልድስ ሥራውን የጀመረበት 386 የተባለው ፕሮሰሰር በ2013 ከወጣው 3.8 እትም ጀምሮ ተሰናብቷል። በኦገስት 2025 የወጣው ደቢያን 13 ለጥንቶቹ ባለ 32 ቢት ኮምፒዩተሮች የሚሆን መጫኛ የለውም። ልዩነቱ፣ የመጀመሪያው ጽሑፍ በአደባባይ ስለሚገኝ፣ መቀጠል የፈለገ ሰው ቢኖር የሚከለክለው የለም።

ለጎረቤታችን ልጅ የመረጥንላት ይህንኑ ደቢያንን ነው። በ1993 የመሠረተው ኢያን መርዶክ ሲሆን፣ ስሙን ያወጣው የዚያን ጊዜ እጮኛውን የደብራንና የራሱን ስም አጋጥሞ ነው። ፕሮግራሙን በአንድ ፍላሽ ላይ አድርገን ላፕቶፑን ከፍላሹ አስነሣነው፤ በዚህ ዓይነት ሀርድ ዲስኩ ሳይነካ አስቀድሞ መሞከር ይቻላል። ለመልኩ ኤክስ ኤፍ ሲ ኢ የተባለውን ቀለል ያለ ገጽታ ወሰድን፤ ይህ ሥራ ሳይጀመርበት ከአንድ ጊጋባይት ያነሰ ራም ይበቃዋል። ልጅቱ ዋይፋዩን፣ ድምፁንና ካሜራውን አንድ በአንድ ሞከረች። እናቲቱ «ከፈታችሁት በኋላ የተረፈ ብሎን የለም?» ብለው ጠየቁ። አልነበረም።

ከዚያ «አማርኛ ይጽፋል?» አለች። ይህ ለኛ የምንወደው ጥያቄ ነው። ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ የገባው በሴፕቴምበር 1999፣ በ3.0 እትም ነው። ነገር ግን ከዚያ በፊት ናኦቶ ታካሃሺ የተባሉ ጃፓናዊ ኢማክስ በሚባለው የጽሑፍ ፕሮግራም ውስጥ ግዕዝን አስገብተው ስለነበር፣ በ1997 የወጣው 20ኛው እትም ፊደላችንን ያውቅ ነበር። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ያዘጋጁት ሴራ የተባለው ዘዴም እስከ ዛሬ በሊኑክስ ውስጥ አለ። አይባስ የሚባለውን ፕሮግራም ከፍተን ሴራን ስንመርጥ፣ የእንግሊዝኛውን ኤስ መትተን ኢ ብናስከትል ሰ ይወጣል፤ ኤልና ኤ ተከታትለው ላ ይሆናሉ፤ ኤም ብቻዋን ም ናት፤ ሰላም ተባለ ማለት ነው። አቢሲኒካ የተባለው ነፃ የፊደል ቅርጽ ሲጨመር ደግሞ ገጹ የታተመ መጽሐፍ ይመስላል። ችግር የሚመጣው ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፕሮግራሞች የተጻፈ የቆየ ደብዳቤ ሲከፈት ነው፤ የራሱ የፊደል ቅርጽ ካልተገኘ በስተቀር ገጹ ትርጉም በሌለው የላቲን ምልክት ይሞላል። ይህ ግን የሊኑክስ ብቻ ዕዳ አይደለም።

ለጽሑፍና ለሠንጠረዥ ከ2010 ጀምሮ ያለውን ሊብረ ኦፊስን፣ ለፊልምና ለዘፈን ደግሞ የፓሪስ ተማሪዎች የጀመሩትን ቪ ኤል ሲን ጫንንላት። ልጅቱም ከኮሌጅ ፍላሽ አውጥታ ሰካች። በፍላሹ ውስጥ የዶሴዎቿን ቦታ ሾርትከት ወርሶታል፤ የኢንተርኔት ካፌ ደንበኛ የነበረ ሰው ሁሉ ይህን በሽታ ያውቀዋል። ቫይረሱ የተጻፈው ለዊንዶውስ ስለሆነ በሊኑክስ ላይ አልተነሣም፤ የደበቃቸውም ዶሴዎች በቦታቸው ተዘርግተው ታዩ። ሾርትከቶቹን አጥፍተን ፍላሹን መለስንላት። ከዚያ ቀን ወዲህ በግቢያችን ፍላሽ ይዞ የሚመጣ ሰው ከጠበል ጠያቂ አላነሰም።

ቀጥላ ግን «ፒችትሪስ?» አለች።

በኛ አገር አካውንቲንግ የሚማር ሰው ፒችትሪን ሳያውቅ ቢመረቅ ቀጣሪው ምን ይለዋል? ፒችትሪ ደግሞ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። ዋይን የተባለው ዘዴ አንዳንድ የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን በሊኑክስ ላይ ያስኬዳል፤ ነገር ግን የሒሳብ መዝገብን ለዕድል አሳልፎ መስጠት አይገባም። ሊኑክስን ሲያመሰግኑ ይህን መዝለል የለመዱ ወዳጆች አሉን፤ ለተማሪዋ ግን ከምስጋናው ሁሉ የሚበልጠው ይኸው ነው። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ቤት አኖርናቸው። ላፕቶፑ ሲነሣ «ደቢያን ወይስ ዊንዶውስ?» ብሎ ይጠይቃል። ዊንዶውስ ከኢንተርኔት ተለይቶ ለፒችትሪ ብቻ ይከፈታል፤ ሌላው ሥራ ሁሉ በደቢያን ይሠራል። መፍትሔው ንጹሕ አይደለም፤ ትምህርቷ ግን አልተቋረጠም፤ እናቲቱም ያን ገንዘብ አላወጡም።

ራስፕቤሪ ፓይም ሥራ አላጣም። ኪዊክስ በተባለው ፕሮግራም አማካይነት የአማርኛውን ዊኪፔዲያና ከእንግሊዝኛው የተመረጠውን ክፍል በአንዲት ትንሽ ካርድ ላይ አድርገንለታል። ኢንተርኔት ባይኖርም የግቢው ልጆች ስልካቸውን በዋይፋይ ከርሱ ጋር እያገናኙ ያነባሉ። በአብዛኛው የሚፈልጉት ስለ ኳስ ተጫዋቾች መሆኑን ልብ ብለናል፤ አልተቃወምንም።

የቀረው የልጅቱ ላፕቶፕ ራም ነው። ያለው 4 ጊጋባይት ሲሆን፣ በኢንተርኔት ብዙ ገጽ ከፍታ ሊብረ ኦፊስን ስትጨምርበት ይደክማል። ለአንድ ተጨማሪ ራም የሚሆን ባዶ ቦታ ስላለው በየሱቁ ያገለገለ እየፈለግን ነው። ዲ ዲ አር 3 የሆነ ባለ 4 ጊጋባይት የላፕቶፕ ራም በመሳቢያው ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ አንባቢ ቢኖር ገዥ አለው፤ ዋጋውን ግን እንደ ጎረቤት ያድርግልን።